ለሌንስ የተሰፋ ማኅደር

በዚያ ክረምት ጉሙ ከጉና ተራራ ወርዶ ደብረ ታቦር ላይ ተኛ፤ ተኝቶም አልነሳ አለ። ሰው ሰውን የሚለየው በሳሉና በኮቴው ሆነ። ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ ባለችው የጥሩወርቅ የስፌት ሱቅ ደጃፍ የሚያልፈው ሁሉ መጀመሪያ ጥላ ነው፤ ሲቀርብ ልብስ ይሆናል፤ ፊቱ የሚታየው አጠገቧ ሲደርስ ነው። ጥሩወርቅ ግን የሰው ፊት ለማየት ቸኩላ አታውቅም። የደንበኞቿን ጫማ እንጂ መልካቸውን አታውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጎረቤቶቿ «ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ አንገቷን አስደፍተው ለቀቋት» እያሉ ያዝኑላታል። አንገቷን መድፋት የጀመረችው ግን ጅዳን በስሟ እንኳ ሳታውቃት፣ እብናት ገጠር ውስጥ ገና ልጅ ሳለች ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም።

አንድ ጠዋት ከጉሙ ውስጥ ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማ ብቅ አለና ደፉ ላይ ቆመ።

«ወፍራም ነገር ትሰፊያለሽ አሉኝ» አለ ባለ ጫማው።

ይሻው ነበር። ላይ ሰፈር ትልቁ የድንጋይ ቤት ያላቸው የወይዘሮ እመቤት ልጅ ነው። ፎቶ ቤት አለው፤ ሰርግም ክርስትናም ያነሳል፤ ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ በጉና ዙሪያ ያሉትን የገጠር አብያተ ክርስቲያናት የግድግዳ ሥዕል እየዞረ ያነሳል። በሱፍ ካልሲ የተጠቀለለ ነገር ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠ።

«ምንድን ነው?» አለችው።

«ሌንስ ነው። የካሜራው ዓይን በይው።»

ዓይን ሲል ጥሩወርቅ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ይሻው አላስተዋለም፤ ብሶቱን ቀጠለ። «ባለፈው ወደ ጉና ስንወጣ አይሱዙው ሲያንገጫግጨን ሁለት ሌንሶች ቦርሳ ውስጥ ተላትመው የአንዱ መስታወት ተሰነጠቀ። ከአዲስ አበባ መያዣ አስመጣሁ። አንዱ ስስ ነው፤ አንዱ ሰፍቶ ሌንሱ ውስጡ ይንከባለላል፤ አንዱ ደግሞ የገበሩን ጸጉር መስታወቱ ላይ ያራግፋል። የሚሆነውን ምረጪልኝ፤ ከሌለም አንቺው ስፊልኝ።»

ሦስቱንም መያዣዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ጥሩወርቅ ስለ ሥራ ሲሆን ፍርሃቷን ትረሳለች። አንድ በአንድ እያነሳች ጨመቀቻቸው፤ ገለበጠቻቸው፤ የውስጥ ስፌታቸውን በጥፍሯ ዳበሰች።

«በምንድን ነው የምትጓዘው?»

«አንዳንዴ በመኪና፣ አንዳንዴ በበቅሎ። ብዙውን በእግር ነው።»

«ዝናብስ?»

«ጉናን ታውቂው የለ!»

ከመደርደሪያው ሁለት ዓይነት ስፖንጅ አወረደች። የመጀመሪያውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። «ይሄ እጅ ያታልላል። ሲነኩት ይለሰልሳል፤ ክብደት ሲያርፍበት ግን ተጨፍልቆ ይቀራል።» ሁለተኛው ጠንከር ያለ፣ ለመሬት ምንጣፍ የሚሆነው ዓይነት ነበር። «ይሄኛው ተጭነህ ስትለቀው ይነሳል። ውኃም አይጠጣም። ዙሪያውን በዚህ አደርግልሃለሁ፤ ሲወድቅ መሬት የሚነካው ታቹ ስለሆነ እሱን እደርበዋለሁ።»

«ውስጡንስ? ከፋይ ቢሆን አያምርም?»

«ያምራል። ግን ጸጉሩን ይጥላል። መነጽር የሚጠረግበት ዓይነት ልስልስ ጨርቅ ይሻላል። ዚፑ ደግሞ ጥርሱ መስታወቱን እንዳይጭረው ከውስጥ በኩል መሸፈኛ ከንፈር ያስፈልገዋል። አንዱን ሌንስ ከሌላው ጋር አንድ ላይ እንዳትከት፤ ለእያንዳንዱ የየራሱን እሰፋለሁ። እንደ ዳዊት ማኅደር፣ ልክክ ብሎ የሚገባ…»

ካፏ ካመለጠ በኋላ ደነገጠች።

«ማኅደር መስፋት ከማን ተማርሽ?» አለ ይሻው በመገረም። ማኅደር የብራና መጽሐፍ መያዣ ነው፤ ካህናት በትከሻቸው ያነግቡታል። ስፌቱ የቆዳ ሠሪዎች እንጂ የልብስ ሰፊ ሥራ አይደለም።

«ጅዳ» አለችው። መልሱ እንዳልሆነ ለራሷም ታወቃት።

ይሻው ሳቀ። ከዚያ ሌንሱን ከካልሲው አውጥቶ ልኩን እንድትወስድ ወደ እሷ አዞረው። «ቀና በይ እስቲ፤ ፎቶ አላነሳሽም። ተመልከችው ብቻ።»

ሳትወድ ቀና አለች። በመስታወቱ ሆድ ውስጥ የራሷን ፊት አየችው፤ ትንሽ ሆኖ፣ ተዘቅዝቆ። ከጀርባዋ ደግሞ፣ ከሱቋ በር ላይ፣ ነጠላ የተከናነበች ሴት ቆማለች። ነጠላው ርሶ ገላዋ ላይ ተጣብቋል።

ጥሩወርቅ ዞር አለች። በሩ ላይ ጉም እንጂ ማንም አልነበረም።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።» ልቧ ይደልቅ ነበር። የሚደልቀው ስላየችው ነገር ይሁን፣ ይሻው ጎንበስ ብሎ ፊቷን ሲፈልግ ትንፋሹ ስለነካት ለራሷም አልለየላትም።

* * *

ማኅደሮቹ ባንድ ጊዜ ተሰፍተው ማለቅ ይችሉ ነበር። ሁለቱም ግን እንዳያልቁ የተስማሙ ይመስል አዘገዩአቸው። ይሻው አንዱን ሌንስ ለልኬት ያመጣል፤ ሌላውን ረሳሁት ይላል፤ ለረሳው ደግሞ በማግስቱ ይመለሳል። እሷም የሰፋችውን ትተረትርና «ትንሽ ጠበቀው» ትላለች። ልኬት ሲወስዱ ጣቶቻቸው ይነካካሉ፤ ሁለቱም ስለ ስፖንጅ ያወራሉ። ቀስ በቀስ አንገቷ ተቃና። አንድ ቀን ቀና ብላ ዓይኑን አየችው፤ የማር መልክ ያለው ዓይን ነው። ያን ዕለት ጥሩወርቅ መርፌ በጣቷ ላይ ሰክታ እንኳ አልተሰማትም።

የይሻው ታናሽ እህት ማሬ ቀሚስ ለማሳጠር መጥታ በዚያው ቀረች። ሳቂታ ናት፤ ሰው ስትወድ ገደብ የላትም። «ወንድሜ ስምሽን ሲጠራ እንጀራው እጁ ላይ ይቀዘቅዛል» እያለች ጥሩወርቅን ታሳፍራታለች።

ለትልቁ ሌንስ ላዩ በቆዳ እንዲለበጥ የፈለገው ይሻው ነው። ጥሩወርቅ አልተስማማችም። «ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ መስታወቱ ውስጥ ሻጋታ ይገባብሃል» አለችው። እውነት ነበር፤ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም። ይሻው ቤት የሚቀመጥ ነው ብሎ አስቸገራት፤ እብናት ገበያ ወርዶም አንድ ጥቅል ቆዳ ይዞ መጣ።

ጥቅሉን ፈታችው። ጠርዙ የተከረከመበትን መንገድ፣ ጀርባው የተፋቀበትን አቅጣጫ፣ ቅቤ ቅቤ የሚለውን ጠረን ታውቀዋለች። በዚያ ጠረን ውስጥ ነው ያደገችው።

«ከማን ገዛኸው?»

«ከአንድ ሽማግሌ። የሚገርምሽ ፊቴን አላየኝም። ስንነጋገር፣ ስንስማማ፣ ሲያስረክበኝ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።» ይሻው ይህን ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ማሬ አብራው አልሄደችም፤ የጥሩወርቅን ፊት አይታለች።

ብቻቸውን ሲቀሩ ጥሩወርቅ ቆዳውን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ለማንም ነግራ የማታውቀውን ለማሬ ነገረቻት። «የይርጋ ልጅ ነኝ። ቆዳ ፋቂው ይርጋ።»

ለማሬ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። በዚያ አገር ቆዳ ፋቂ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ጥሩወርቅ ልጅ ሳለች በሰፈሩ ስታልፍ እናቶች የሕፃናቱን ፊት በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ገና በእግሯ ሳትሄድ ጀምሮ እናቷ ሙሉ «መሬት እያየሽ ሂጂ፣ ልጄ» እያለች አስተማረቻት። የአካባቢው ካህናት መጽሐፋቸውን የሚያነግቡት አባቷ በሰፉት ማኅደር ነው፤ ከአባቷ ቤት ገብቶ ከእሳቸው ጋር ከአንድ መሶብ የቆረሰ ግን አንድም ሰው የለም። እናቷ እሷ ጅዳ ሳለች ሞተች። አባቷ በስልክ «ብርድ መታት» አሏት እንጂ ሌላ አልነገሯትም።

ማሬ እጇን ይዛ ከእሷ ጋር አለቀሰች። «በመድኃኔዓለም! ከእኔ አፍ አይወጣም» አለቻት። ጥሩወርቅም አመነቻት። ቆዳውን ለበጠች፤ እየሰፋች ሳለ የአባቷ እጅ ከወዲያ በኩል መርፌውን የሚቀበላት መሰላት፤ ደስም አላት፤ ፈራችም።

* * *

ነሐሴ ሲገባ ይሻው ማኅደሮቹን በትከሻው አንግቦ ከጉና ማዶ ወዳለ ገዳም ሄደ። እዚያ ስልክ አይሠራም። ትልቁ ሌንስ ከነቆዳ ማኅደሩ ቤት ቀረ። ማሬም ይፋግ የአክስቷን ልጅ ክርስትና ልትበላ ወርዳ ነበር፤ ስትመለስ ትኩሳት ይዟት ተመለሰች።

ቡሄ ተቃርቧል። በየሜዳው ጅራፍ ይጮኻል፤ በጉሙ ምክንያት ግን የሚያጮኹት ልጆች አይታዩም። ጧ! ይላል ከወዲህ፤ ጧ! ይላል ከወዲያ። ጥሩወርቅ በየጩኸቱ እየባነነች ስትሰፋ ሁለት ሴቶች ከሱቋ ደጃፍ ቆሙ። ከደፉ አላለፉም። አንዷ ወይዘሮ እመቤት፣ ሁለተኛዋ ጎረቤታቸው ዓለሚቱ ነበሩ። ወይዘሮ እመቤት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናንበዋል።

«አንቺ ነሽ ጥሩወርቅ?»

«ነኝ፣ እትዬ። ይግቡ።»

«አልገባም። ልጄ ለፈለፈች።»

ዓይን የበላው ሰው ይለፈልፋል ይባላል፤ የበላው ሰው ስም ከበሽተኛው አፍ ይወጣል ተብሎ ይታመናል።

«ስምሽን ጠራች» አሉ ወይዘሮ እመቤት። «የአባትሽንም ስም ጠራች። አገርሽንም ጠራች። አሁን ነይና እንትፍ በይባት። ልቀቂያት። ከዚያ ከዚህ አገር ውጪልኝ፤ ሌላ አልልሽም።»

መናኸሪያው ቅርብ ነበር። «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» የሚል የረዳት ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ይሰማል። መሄድ ትችል ነበር። ጥሩወርቅ ግን የሱቋን በር ቆልፋ ከሁለቱ ሴቶች ኋላ ኋላ ተከተለች። ማሬ ታማለች፤ ከዚህ ሌላ የምታስበው ነገር አልነበራትም።

* * *

ቤቱ ውስጥ ጭሱ ከጉሙ ይወፍራል። ጠረኑ የዕጣን አልነበረም። ጥሩወርቅ በሩ ላይ ስትደርስ ለየችው። ከከሰሉ ላይ የሚነደው ስፖንጁና ቆዳው ነው፤ የሰፋችው ማኅደር በመቀስ ተቆራርጦ ለማሬ እየታጠነላት ነው። የበላት እጅ የነካው ነገር ያሽራታል ብለው። የአባቷ ቆዳ እሳቱ ላይ ይጨማደዳል፤ ስፖንጁ ጥቁር እንባ እያንጠባጠበ ይቀልጣል። ትልቁ ሌንስ ራቁቱን ከመደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ቤቱን ሙሉ፣ አልጋውን፣ ሰዎቹን፣ እሳቱን ዘቅዝቆ ይዟል።

ማሬ አልጋው ላይ ተዘርግታ ትንቀጠቀጣለች። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ተገልብጧል።

«የይርጋ ልጅ ነኝ» አለች። ድምፁ የእሷው ነው፤ የቃሉ አወጣጥ ግን የጥሩወርቅ። «የቆዳ ፋቂው የይርጋ… ለማንም እንዳትነግሪ…»

«ሰማችሁ!» አለች ዓለሚቱ ግድግዳውን ተለጥፋ።

«እንትፍ በይባት!» አሉ ወይዘሮ እመቤት፤ መቀሱ አሁንም እጃቸው ላይ ነው።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ይሻው ገባ። ከእግር እስከ ራሱ በስብሷል፤ ማኅደሮቹ ከትከሻው ላይ ይወዛወዛሉ። መጀመሪያ እህቱን፣ ቀጥሎ እሳቱን፣ መጨረሻ ጥሩወርቅን አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጠይቃት!» ጮኹ እናቱ። «የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቃት! ከፋቂ ዘር ጋር ነው የከረምከው! እህትህን አሳልፈህ የሰጠሃት ለእሷ ነው!»

ከውጭ ጅራፍ ጮኸ። ጥሩወርቅ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። አይደለሁም ብትላቸው በትኩሳት የምትቃዥን ልጅ ማን ያምናል? ይሻው እንድትለው እየጠበቀ ነው፤ ፊቱ ላይ ልመና አለ። መሬት ለማየት አንገቷ በልማዱ ሊታጠፍ ሲል ከለከለችው። እናቱንም፣ ዓለሚቱንም፣ እሱንም ፊት ለፊት አየቻቸው።

«ማሬን አልበላኋትም» አለች። «እህቴ ናት። ምስጢሬን የነገርኳት እኔው ነኝ፤ ትኩሳቱ ነው ያናገራት። የይርጋ ልጅ ግን ነኝ። አባቴ ቆዳ ፋቂ ናቸው። ያ እሳት ላይ ያለው ቆዳ የእሳቸው ነው። ይሻው፣ ቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር። ፈራሁ።»

ይሻው ወደሚነደው ቆዳ ዞረ።

የመለሰችው ማሬ ናት። ከአልጋው ላይ ሳል ተሰማ፤ የደረቀ፣ የአሮጊት ሳል። ከዚያ ድምፅ መጣ፤ የማሬ ያልሆነ፣ የጥሩወርቅም ያልሆነ።

«እትዬ እመቤት… በሩን ይክፈቱልኝ። በረዶ ነው። እሳት አልልም፣ እህል አልልም፤ ከጣሪያዎ ሥር ብቻ…»

ጥሩወርቅ ወደ አልጋው ተጠጋች። ይህን ለማሬ አልነገረቻትም፤ የማታውቀውን ምን ብላ ትነግራታለች? ድምፁን ግን ታውቀዋለች። መሬት እያየሽ ሂጂ፣ ልጄ ይላት የነበረው ድምፅ ነው።

መቀሱ ከወይዘሮ እመቤት እጅ ወደቀ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እንደሚጠራ ሰው ቀስ ብለው ተራመዱ፤ በሩጋ ደረሱ፤ ሁለቱንም መዝጊያዎች ወለል አድርገው ከፈቱ። ጉሙ ገባ። ውጭ ማንም አልነበረም። ወይዘሮ እመቤት ግን አንድ ሰው ቆሞ እንደሚያዩ ሁሉ በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣቸውም።

ይሻው በእናቱ አጠገብ አልፎ ያለ አንዲት ቃል ወጣ። ጉሙ ዋጠው።

ሄደ፣ አለች ጥሩወርቅ በልቧ። አላለቀሰችም። በደረቷ ውስጥ የነበረው ሁሉ ተነቅሎ ስፍራው ባዶ ሲሆን ተሰማት። ባዶ በሆነው ደረቷ ላይ የማሬን ራስ አሳረፈችና አቀፈቻት።

የባጃጅ ድምፅ ሲመጣ አልሰማችውም። ይሻው ተመልሶ ከአልጋው አጠገብ ሲንበረከክ ነው ያየችው። ማኅደሮቹን ከትከሻው አውልቆ በጥሩወርቅ አንገት አጠለቃቸው፤ እህቱን ለማንሳት እጁ ነጻ እንዲሆን።

«ሆስፒታል እንወስዳታለን» አላት። «ጥሩ፣ እግሯን ያዢልኝ።»

ጥሩ ብሎ ጠርቷት አያውቅም ነበር። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።

* * *

ማሬን የያዛት ወባ ነበር፤ ከይፋግ ይዛው የመጣችው። ደሟን መርምረው፣ መድኃኒት ሰጥተው፣ አልጋ ላይ አስተኟት። ትኩሳቱ ሲለቃት የተናገረችውን አንዱንም አታስታውስም። «አንዲት ሴት ግን አጠገቤ ቆማ ነበር» አለች ለጥሩወርቅ በሹክሹክታ። «ነጠላዋ ርሶ ትንቀጠቀጥ ነበር። ብርዱ የእሷ ይሁን የእኔ አልለይ አለኝ።»

በማግስቱ ጥሩወርቅ እብናት ወረደች። አባቷን ከደጃቸው ቆዳ ወጥረው አገኘቻቸው። እብናት ላይ ጉም የለም፤ ፀሐይ ነበር።

«አባቴ፣ እናቴ እንዴት ሞተች?»

አያ ይርጋ መፋቃቸውን ቀጠሉ። ኋላ መፋቂያውን አስቀመጡ። «ማኅደር ልታደርስ ደብረ ታቦር ወጥታ ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት ለቤተ ክርስቲያን ስጦታ ብለው አዘውን ነበር። ማኅደሩን በደጅ ተቀበሏትና በሩን ዘጉ። ገና ከደጃቸው ሳትርቅ በረዶ መጣ። ተመልሳ አንኳኳች። በመስኮት አዩኝ፣ አወቁኝ፣ መጋረጃውን መልሰው ለቀቁት አለችኝ። ደርቃ ነው እዚህ የደረሰችው። ከዚያ በኋላ ሳሉ አልለቀቃትም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ከሰው አገር ሆነሽ በዚያ ቂም ምን ትሠሪበታለሽ? አንቺም ልጄ ነሽ፤ እንዳትቃጠይ ብዬ ነው።»

ጥሩወርቅ የሴትዮዋን ስም አልጠየቀችም።

* * *

ለይሻው ነገረችው። ሱቋ ውስጥ፣ በሩን ከፍታ፣ ሁሉንም። ሲሰማ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። ተነስቶ ቤቱ ሄደ፤ ሲመለስ በአንድ ቀን ያረጀ መሰላት።

«ጠየቅኋት» አለ። «አልካደችም። አፏን አልከፈተችም። ጥሩወርቅ፣ ምን ላድርግ? ከዚያ ቤት ውጣ ካልሽኝ እወጣለሁ። ካገር እንሂድ ካልሽኝም እንሄዳለን።»

«እናትህን አልጠላቸውም ብልህ ውሸት ነው» አለችው። «ፊታቸውን ሳይ የእናቴ ጥርስ በብርድ ሲፋጭ ይሰማኛል። አንተን ደግሞ ልተውህ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ሁለቱን ነገር አንድ ልብ ውስጥ እንዴት አድርጌ እንደምይዝ አላውቅም። ጊዜ ስጠኝ።»

«እጠብቃለሁ» አላት። ሊነካት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ያ የተሰበሰበ እጅ ከአንድ ሺህ ቃል በላይ አመማት።

ሱቁን ዘግቶ መሄድ፣ ከፍቶ መዋል፣ ሁሉም ያለ ጣዕም ሆነባት። ይሻው ፎቶ ቤቱ ውስጥ ማደር ጀመረ ሲሉ ሰማች። የከተማው ሰው ግማሹ ከሱቋ ሸሸ፤ ግማሹ ደግሞ እንደተለመደው የልብሱን ቀዳዳ ይዞ መጣ። ጥሩወርቅ ሁሉንም ፊት ለፊት እያየች ተቀበለቻቸው።

መስከረም ሲጠባ ጉሙ ተነሳ። ጉና ራሱን ገልጦ ታየ፤ ሜዳው ቢጫ ሆነ። ከመስቀል በኋላ አንድ ረፋድ ይሻው ደጃፏ ላይ ቆሞ፣ ለመግባት ሳይደፍር ስለ ደህንነቷ ሲጠይቃት ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነበሩ።

«ጥሩዬ፣ እንግዳ መጥቶብኝ ነበር» አሉ። «እመቤት የምትባል የደብረ ታቦር ሴት። ብቻዋን ነው የመጣችው፤ ከአውቶቡስ ወርዳ በእግሯ።»

ጥሩወርቅ ወንበሩን ያዘች። «ምን አሉዎት?»

«ምንም አላለችኝ። ገባች። ተቀመጠች። እንጀራ አቀረብኩ፤ ያው የኔ የሽማግሌ እንጀራ። ከመሶቤ ቆረሰች። በላች። ኋላ፣ ሙሉን የት ቀበራችኋት አለችኝ። ወሰድኋት። እናትሽ መቃብር ላይ ተደፍታ ብዙ ቆየች። ለእሷ ምን እንዳለቻት እኔ አልሰማሁም፤ ራቅ ብዬ ነበር የቆምኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ከየደጁ ወጥቶ ያይ ነበር። ከዚያ ሄደች።» አባቷ ቀጠሉ። «ልጄ፣ ከቤቴ ገብቶ እንጀራዬን የቆረሰ ሰው አየሁ። እናትሽ በነበረች አልኩ።»

ጥሩወርቅ እናቷ ስትሞት ጅዳ ነበረች። የአሠሪዎቿን ልብስ እየተኮሰች ነበር መርዶውን የሰማችው፤ እንድታለቅስ ጊዜ አልሰጧትም። ከዚያ ወዲህም ያ ለቅሶ ወጥቶላት አያውቅም። አሁን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ «እናቴ! እናቴን!» ብላ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። መንገደኛው ቆሞ አያት። አላፈረችም።

ይሻው ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አይዞሽ አላላትም፤ አልቅሳ እስክትጨርስ አብሯት ቆየ። ደረቷ ቀስ በቀስ ሲቀልላት፣ ከዚህ ሰው አጠገብ ሆና ማልቀስ ብቻዋን ዝም ከማለት እንደሚሻላት ገባት።

ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ዞራ አየችው።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው። «አባቴ ዘንድ።»